የዲዴሳ ቁልቁለትና የብረት ክር

ስሙኝማ! ዛሬ የምተርክላችሁ የክርና የፀሐይ ነገር ነው። ነገሩ የሚጀምረው ነቀምቴ ላይ፣ በጥር ወር፣ በሠርግ ሰሞን፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው።

የወለጋን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ላስይዛችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ነቀምቴ ትደርሳላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ዝናብ የማይነፍጋት፣ በበጋ ንጋት ደግሞ ጋቢ የምታስደርብ ናት። ከነቀምቴ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሩቅ አይደለም። ግን መንገዱ ዲጋን አልፎ ቁልቁል ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ጆሮ እስኪደፈን ይወርድና ዲዴሳ ወንዝ ላይ ያደርሳችኋል። ያ ቆላ ነው፤ ያገሬው ሰው ጋሞጂ የሚለው። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ሽቅብ ተመልሶ ጊምቢ ደጋ ላይ ያወጣችኋል። በአንድ ጠዋት ብርድ፣ ሐሩር፣ እንደገና ነፋሻ አየር ታያላችሁ። አየሩ ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲቀንስ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል ይላሉ የአየር ጠባይ ሰዎች፤ በዚያ ላይ የንጋቱንና የቀትሩን ልዩነት ጨምሩበት።

እንግዲህ በዚያ ንጋት አንድ ሚኒባስ ሙሽሪት ሊያመጣ ወደ ጊምቢ ይነሣል። ሚዜዎቹ ከፊት፣ ዘመዶች ከመሀል፣ እኛ ከኋላ። ከኋላ ያለነው የጨዋታው ሰዎች ነን። አንድ ክራር መቺ ወጣት አለ፣ ክራሩ በሽቦ የተወጠረ። አንድ ጊታር ያነገተ ልጅ አለ፣ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ያደገ፣ ክሩ ብረት። ኡሉሌ የሚነፋ አንድ እረኛ አደግ ጎልማሳ አለ፤ ኡሉሌ ሌላው አገር ዋሽንት የሚለው ነው። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ደግሞ ማሲንቆ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸውም እንዲጠራ አይወዱም። ሁላችን «ጋሼ» እንላቸዋለን።

ከመነሣታችን በፊት በአንድ ቤት ተሰባስበን ቡና ቀላ ቀረበልን፤ በቅቤ የተጠበሰ ቡና፣ ከነፍሬው የሚቆረጠም። በዚያች ሰዓት ነው ወጣቶቹ መሣሪያቸውን የቃኙት። ጊታረኛው ስልኩን አውጥቶ የመቃኛውን ፕሮግራም ከፈተ፤ ክሩን አንድ በአንድ እየነካ መርፌዋ መሀል ላይ እስክትቆም ቁልፉን አዞረ። ክራር መቺው በጊታሩ ድምፅ ላይ ተመሥርቶ ቀንበሩ ላይ የተጠመጠሙትን ጨርቆች እየጠመዘዘ አምስቱንም ሽቦ አስማማ። ትዝታን አንድ ጊዜ ጀምረው ተዉት። ምን ልበላችሁ፣ አንድ ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም! ጋሼ ግን ማሲንቋቸውን አልነኩም። ጋቢያቸው ውስጥ ጠቅልለው አቅፈውት ቡናቸውን ይቆረጥማሉ።

ረዳቱ ጊታሩንና ክራሩን ተቀብሎ ፖርቶመጋላው ላይ አሰረ። ጋሼ «የኔ እዚሁ ይሁን» ብለው ማሲንቆውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

ዲዴሳ ስንደርስ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ትርፉን ጎማ ሲያወጡት እሱም አየር የለውም። ሾፌሩ ጎማውን በሚያልፍ መኪና ጭኖ ሊያስነፋ ሄደ። ፀሐይዋ ወጣች፣ ከፍ አለች፣ አናት ላይ ደረሰች። ስድስት ሰዓት ሲሆን የድልድዩ ብረት በእጅ አይነካም ነበር። ሙሽራው በጭንቀት ይመላለሳል። ከሚዜዎቹ አንዱ «ምን አፋችሁን ይዛችሁ ትቆማላችሁ? አጫውቱን እንጂ!» አለ። ልጆቹ መሣሪያቸውን ከፖርቶመጋላው ላይ አወረዱ።

ክራር መቺው የመጀመሪያውን ምት መታ። ወዮ! ያ በጠዋት እንደዚያ ተስማምቶ የነበረ ክራር አምስቱም ክሩ በየፊናው ሄዷል። ጊታሩ ሲከተል ባሰበት። ኡሉሌው ደግሞ ከሁለቱም በላይ ወጥቶ ብቻውን ይጮኻል። ከሚዜዎቹ አንዱ ሳቀና «ይኼ ልጅ ሌሊቱን ሲጠጣ ነው ያደረው» አለ። ክራር መቺው ፊቱ ቀላ፤ ላቡ ቀንበሩ ላይ ተንጠባጠበ።

ጋሼ ያን ጊዜ ተነሡ። «ልጁን ተዉት፤ የጠጣው ሽቦው ነው። ፀሐይ ጠጥቶ ነው የሰከረው» አሉ።

እኔ ይህን ታሪክ የምናገረው ለዚህች ቃል ስል ነው። በየሠርጉ፣ በየመድረኩ፣ በየመዘምራኑ ልምምድ ስንት ልጅ «ጆሮ የለውም» ተብሎ አንገቱን ደፍቷል! ጥፋቱ የአየሩ ሆኖ ሳለ በልጁ ጆሮና በልጁ ጠባይ ተላክኳል። ይህ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ሽቦው እንዴት እንደሚሰክር ልንገራችሁ።

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። አንድ ሜትር የብረት ሽቦ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር የሚረዝመው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ዓይን አያየውም። ጆሮ ግን ይሰማዋል። ምክንያቱም ክር ድምፁን የሚያገኘው ከውጥረቱ ነው፤ ሁለት ጫፉ በእንጨት ታስሮ ሳለ እሱ ቢረዝም ይላላል፣ ሲላላ ድምፁ ይወርዳል። እንጨቱስ አይረዝምም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይረዝማል፤ ነገር ግን እንጨት ወደ ቃጫው አቅጣጫ በሙቀት የሚረዝመው ከብረት በጣም ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ፀሐይ እንደነካው ወዲያው ይግላል፣ ወፍራሙ እንጨት ገና ቀዝቃዛ ነው። ክሩ እንጨቱን ቀድሞት ይሄዳል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ከፋው ክፍል ልግባ። ክሮቹ ሁሉ እኩል ቢወርዱ ኖሮ ችግሩ ቀላል ነበር፤ ዘፋኙ ዝቅ ብሎ ይዘፍናል፣ ነገሩ ያልቃል። እኩል ግን አይወርዱም። በጣም የተወጠረው ክር ከውጥረቱ ላይ ጥቂት ቢቀነስበት ብዙም አይጎዳም። ላላ ብሎ የታሰረው ግን ያችው ጥቂት ከነበረው ላይ ብዙ ናት። በወረቀት ላይ ቢሰላ በ10 ዲግሪ ለውጥ ቀጭኗ የጊታር ክር የግማሽ ድምፅን አንድ አስረኛ ያህል ስትወርድ ሦስተኛዋ ደግሞ ሩብ ያህል ትወርዳለች። ልዩነቱ ነው ጆሮ የሚያቆስለው። ክራር ላይ ደግሞ አምስቱም አንድ ዓይነት ሽቦ ከሆነ ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ክር ከሁሉ የላላው ነውና፣ ከሁሉ አብልጦ የሚወርደውም እሱ ነው። ታዲያ ቅኝት ምን ይተርፈዋል? ባቲ ይሁን አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ይሁን ትዝታ፣ ቅኝት ማለት በክርና በክር መካከል ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ ከተዛባ ዜማው ሌላ ነው የሚሆነው።

ይህ ነገር የኛ ብቻ መስሏችሁ እንዳታዝኑ። ከዲዴሳ ተነሥቼ ባሕር ላሻግራችሁ።

ከዓለም መሣሪያዎች በሙቀትና በብርድ ብዙ ፍዳ ካዩት አንዱ ስቲል ጊታር የሚሉት ነው። ጣት ሳይሆን ብረት ነው የሚናገርበት። መቺው ጊታሩን ጭኑ ላይ ወይም በአራት እግር ማቆሚያ ላይ ያጋድማል፤ በቀኝ እጁ ጣቶች የብረት መምቻ አጥልቆ ይመታል፤ በግራው የለሰለሰ የብረት ዘንግ ይዞ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። ድምፁ እንደ ሰው ያለቅሳል። የኬኒ ሮጀርስና የዶን ዊሊያምስ ካሴት በየቤታችን ሲሽከረከር ከዘፋኙ ኋላ እየተሳበ የሚያንጎራጉረውን ድምፅ ታስታውሱ ይሆናል፤ እሱ ነው። ጀማሪው ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ የሃዋይ ልጅ ነው ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1874 ላይዬ በምትባል መንደር ተወልዶ፣ ገና ተማሪ ሳለ ክሩን በብረት ማንሸራተት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን የሃዋይ ሙዚቀኞች ሲጫወቱ አሜሪካ በሙሉ በዚህ ድምፅ ፍቅር ወደቀ።

የሙቀቱ ነገር የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጆርጅ ቦሻምና አዶልፍ ሪከንባከር የተባሉ ሁለት ሰዎች ሎስ አንጀለስ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስቲል ጊታር አወጡ። ሰውነቱ ከአንገቱ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ከአሉሚኒየም ቀልጦ የተሠራ፣ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅም ነበርና ሰው «መጥበሻው» አለው። እውነትም መጥበሻ ይመስላል። ለገበያ ከቀረቡት የኤሌክትሪክ ጊታሮች የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ ዛሬ በየምሽት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ የሚጮኸው ጊታር ሁሉ ዘሩ ከዚህ ይመዘዛል። ታዲያ ይህ መጥበሻ መድረክ ላይ ሲወጣ ምን ሆነ? የዚያ ዘመን የመድረክ መብራት እንደ ዲዴሳ ፀሐይ የሚያቃጥል ነበር። አሉሚኒየም ደግሞ በሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ይረዝማል። መጀመሪያ ቀጫጭኖቹ ክሮች ግለው ይላላሉ፤ መቺው ጆሮው ይነግረውና ወጠር ያደርጋቸዋል። ጥቂት ቆይቶ ወፍራሙ ሰውነት ሲግል ይለጠጥና ክሮቹን ስቦ ከልክ በላይ ያከራቸዋል። መቺው እንደገና ያላላቸዋል። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ወደ ኋላ ይሄዳል። ሙዚቀኞቹ አማረሩ። እ.ኤ.አ. በ1935 ፋብሪካው በአሉሚኒየም ፋንታ ቤከላይት ከሚባል ጠንካራ የፕላስቲክ ዘር አዲስ ጊታር ሠርቶ አወጣ። አንድን መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ከሌላ ነገር እንዲሠሩት ያስገደደ ሙቀት ነው እንግዲህ!

በኋላ ፔዳል ያለው መጣ፤ በእግር እየረገጡ የክሩን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት። አሥር ክር፣ ከሥሩ የብረት ዘንጎችና ማንሻዎች የተደረደሩበት። በዚህኛው ላይ ከክሩ ሌላ ዘንጉም በሙቀት ይረዝማል፣ ስለዚህ ፔዳሉ ሲረገጥ ክሩ የሚቆምበት ቦታም ይሸሻል። ቢሆንም አፍሪካ አልፈራችውም። ናይጄሪያዊው ኪንግ ሰኒ አዴ ፔዳል ስቲልን በጁጁ ሙዚቃው ውስጥ አስገብቶ፣ ዴሞላ አዴፖጁ እየመታለት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓለምን ዞሮበታል። ሌጎስ ደግሞ ከዲዴሳ የማይተናነስ ሙቀት አላት። አንድ ሰው በዚያ ወበቅ ያን ሁሉ ክር አስማምቶ ማደሩን ሳስብ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

ወደ ድልድዩ ልመልሳችሁ። ጋሼ ልጆቹን ከግራር ሥር አስቀመጧቸው። ክራር መቺው ቶሎ ብሎ መቃኛዎቹን ሊጠመዝዝ እጁን ሲሰድ ያዙት።

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ቆይ። አሁን ብትቃኘው ከጥላው ሥር ሲበርድ እንደገና ይከርርብሃል። መሣሪያው መጀመሪያ ቦታውን ይልመድ።»

«ስንት ደቂቃ ይበቃዋል ጋሼ?»

«ቆዳውን በመዳፍህ ንካው። ከመዳፍህ እኩል የሞቀ እስከሆነ ድረስ ተወው። የጥላውን አየር ሲመስል ቃኘው።»

ኡሉሌ ነፊው አዝኖ ተቀምጧል። «የኔስ ምን ሆነ? ክር የለው፣ ሽቦ የለው» አለ። ጋሼ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም፤ መልሱን እኔ ልንገራችሁ። ነፋስ የሚበላ መሣሪያ ከክር በተቃራኒ ነው የሚሄደው። አየር ሲሞቅ ድምፅ በውስጡ ይፈጥናል፤ በአንድ ዲግሪ ጭማሪ በሴኮንድ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል። በሸንበቆው ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ቢሞቅ የኡሉሌው ድምፅ እስከ ግማሽ ድምፅ ሲሶ ድረስ ሊወጣ ይችላል። የነፊው ትንፋሽ ራሱ ስለሚያሞቀው ሙሉ በሙሉ እንዲያ ላይሆን ይችላል፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ስለዚህ በዚያ ቀትር ክራሩና ጊታሩ ሲወርዱ ኡሉሌው ወጣ፤ ተለያዩ። ማንም አላጠፋም። እንዲህ ያለው መለያየት የአውሮፓን ሊቃውንትም ሸንጎ አስቀምጧል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1859 የቅኝት ልክ በሕግ ሲወስኑ ቁጥሩን ብቻ አልጻፉም፤ በሴኮንድ 435 ንዝረት፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት ብለው ነው የወሰኑት። የለንደን ሰዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1896 አዳራሻቸው ከዚያ እንደሚሞቅ አይተው 439፣ በ20 ዲግሪ አሉ። ዲግሪ ያልተጻፈበት ቅኝት ግማሽ ቅኝት መሆኑን አውቀዋል ማለት ነው። የኛ ልጆች ስልክ ላይ ያለችው መርፌ ግን ዲግሪ አትናገርም። ነቀምቴ ላይ በብርድ እውነት የተናገረችውን ዲዴሳ ላይ ማንም አልጠየቃትም።

ከግራሩ ሥር ስንቀመጥ ጋሼ ማሲንቋቸውን ከጋቢው ገልጠው አወጡ። አራት ማዕዘን ሆዱ በቆዳ የተለበጠ፣ አንድ ጥቅል የፈረስ ጭራ የተወጠረበት። ደጋኑን ዕጣን አሸት አሸት አደረጉና ሳብ አድርገው መቱ። እሱም ትንሽ ተለዋውጦ ነበር። እሳቸው ግን መቃኛውን ለመንካት እንኳ አልቸኮሉም። ጣታቸውን ጭራው ላይ በሩብ ጣት ያህል ዝቅ ከፍ አደረጉና ከድምፃቸው ጋር ገጠሙት። አለቀ!

እኔ በዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። ማሲንቆና ስቲል ጊታር ዘመዳሞች ናቸው ብል አትሳቁብኝ። ሁለቱም ጣት የሚያርፍበት የተቆረጠ እርከን የላቸውም፤ ድምፁን የሚያገኘው የመቺው ጆሮ ነው። ሙቀት ክሩን ቢያወርደው መቺው እጁን ትንሽ ያንሸራትታል እንጂ አይሸነፍም። ማሲንቆ ግን አንድ ክር ብቻ ስላለው ሙሉ በሙሉ ይድናል። ስቲል ጊታር ብዙ ክሮቹን በአንድ ዘንግ ነው የሚነካው፤ ዘንጉ አንዱን ሲያቀና ሌላውን ያጠማል። እርከን ያለው ጊታር ደግሞ ያቺንም ዕድል አያገኝም። ክራር ከሁሉ ይብሳል፤ ክሩ በባዶው ነው የሚመታው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቃሉን መጠበቅ አለበት። ስለዚህ በሐሩር ቀን ክራር የሚመታ ልጅ ከሁላችን የከበደውን ሸክም ነው የተሸከመው።

ማሲንቆም ጠላት የለውም ማለት አይደለም። የሱ ጠላት እርጥበት ነው። ፀጉር እርጥበት ሲጠጣ ይረዝማል። ስዊዘርላንዳዊው ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአየርን እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ሲሠራ የተጠቀመው በሰው ፀጉር ነበር፤ ፀጉሩ ሲረዝምና ሲያጥር መርፌ ያንቀሳቅሳል። የጋሼ የፈረስ ጭራም ሥራው ይኸው ነው። በነቀምቴ ክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሳያባራ ሲወርድ፣ ጭራው ይላላል፣ የሆዱ ቆዳም ረስርሶ ይረግባል፤ ድምፁ ይታፈናል። ያን ጊዜ ማሲንቆውን ከእሳት ራቅ አድርጎ ማሞቅ ነው። ከበሮም እንደዚያው፤ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት አጠገብ ካልዋለ አይናገርም። ልብ በሉ፦ ሙቀት ሽቦን ያላላል፣ የረጠበ ቆዳን ግን አድርቆ ይወጥራል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው በሽታ ነው። ክራር ላይ ደግሞ ሁለቱም አሉ፣ ከላይ ሽቦ፣ ከታች ቆዳ።

ብርዱንስ ማን ረሳው? ከነቀምቴ በስተሰሜን ምሥራቅ ሆሮ ጉዱሩ ወጥታችሁ ሻምቡ ብታድሩ፣ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ነውና፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ሽቦው ራሱ ይነክሳል። በብርድ ብረት ያጥራል፣ ክሩ ይከርራል፣ ድምፁ ይወጣል። የሌሊቱ ብርድ ሳይታሰብ እስከ ጥጉ ተወጥሮ ያደረ ክር ሲነጋ ተበጥሶ ሊገኝ ይችላል። ግን ከክሩ በፊት የሚሸነፈው ጣት ነው። የደነዘዘ ጣት ልኩን አያውቅም። ስቲል ጊታር መቺዎች የሚይዙት የብረት ዘንግ የእጅን ሙቀት ይመጥጣልና ከመጫወታቸው በፊት ኪሳቸው ውስጥ ወይም መዳፋቸው ውስጥ ያሞቁታል። የሻምቡ ክራር መቺ ይህን ከማንም አልተማረም፤ ግን እሱም መዳፉን በትንፋሹ አሙቆ፣ ብብቱ ሥር ከትቶ ነው ወደ ክሩ የሚሰደው። ከሻምቡ ወደ ፊንጫ የሸንኮራ እርሻ ሲወርድ ደግሞ የዲዴሳውን ነገር እንደገና ያየዋል። የወለጋ ሙዚቀኛ ዕጣው ይህ ነው፤ አገሩ ደጋና ቆላ እየተፈራረቀበት በአንድ ቀን ሁለት አየር ይጫወታል።

የጊታሩ ልጅ ነገር ከልቤ አልወጣልኝም። ነቀምቴ የመዝሙር አገር ናት። ወንጌላዊው አናሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ሲያስተምር ከአስቴር ገኖ ጋር በኦሮምኛ ያዘጋጃቸው መጻሕፍት አብረውት መጥተው ነበር፤ ከመካከላቸው መዝሙርም አለ። አስቴር የሕዝቡን ዘፈንና ተረት ሰብስባ በጽሑፍ ያኖረች ሴት ናት፤ ባለውለታችን ናት። ከዚያ መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1959 በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋቋመች። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የብሥራተ ወንጌል ሬድዮ ተከፍቶ እ.ኤ.አ. በ1977 መንግሥት እስኪወርሰው ድረስ መዝሙርና ዜማ ወደ ገጠሩ ረጨ። ጊታርም በመዘምራኑ እጅ ገባ። ዛሬ በወለጋ ከተሞች ከመዘምራን መካከል ጊታር የማይዝ ቡድን ማግኘት ይቸግራል። ልጆቹ ጥሩ ይዘምራሉ፣ ጥሩ ይመታሉ። ነገር ግን መምህሮቻቸው የጣት አያያዝ ሲያስተምሩ አየሩን አላስተማሯቸውም። ይህን ነው የምለምነው፦ ከመጀመሪያው ትምህርት ጋር ይህም ይጨመርላቸው። ልጁ ስልኩን ከማየቱ በፊት መሣሪያው የት እንዳደረ፣ የት እንደዋለ ይጠየቅ።

ጎማው ተነፍቶ መጣ። ከግራሩ ሥር ያለው ክራር በርዶ፣ ቆዳው የጥላውን አየር መስሎ ነበር። ልጁ አሁን ቃኘው። ጊታረኛው ስልኩን አወጣ፤ ጋሼ ግን «መጀመሪያ ከኡሉሌው ጋር ተስማሙ» አሉት። «እሱ መቃኛ የለውም። ሊመጣላችሁ አይችልም፤ እናንተ ሂዱለት።» እውነት ነው፤ ክር ይጠመዘዛል፣ ሸንበቆ አይጠመዘዝም። ኡሉሌ ነፊው ከጥቂት ትንፋሽ በኋላ አንዱን ድምፅ ረዘም አድርጎ ያዘ። ጊታሩ ወደሱ ወጣ፣ ክራሩም ተከተለ። የስልኳ መርፌ ትንሽ ወደ ቀኝ ተዘንብላ ቆመች፣ ማንም ግድ አልሰጣት። ጨዋታው ተጀመረ። ያ የሳቀው ሚዜ ከሁሉ ቀድሞ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ይቅርታም ጠየቀ፣ በጎ ልጅ ነው።

ዳገቱን ስንወጣ ክራሩም ጊታሩም ከኛ ጋር ውስጥ ነበሩ። ጊምቢ ስንገባ ጀምበር አዘቅዝቃለች፤ ዳሱ በአምፖል ተሞልቶ፣ ሰው ተጨናንቆ፣ በአንድ ጥግ እሳት ይነድዳል። ጋሼ ወንበራቸውን ከአምፖሉ ሥር አንሥተው ወደ ዳሱ በር አወጡት። ልጆቹ ምክንያቱን አልጠየቁም፣ ወንበራቸውን ይዘው ተከተሉ። አንጮቴ በቅቤና በአይብ ቀረበ፤ እጃቸውን ታጥበው በልተው እስኪጨርሱ ክሮቹ የዳሱን አየር ለመዱ፤ ከዚያ ነው ሦስተኛውን ቅኝት የቃኙት።

ጊታረኛው በማግስቱ ወደ ጋሼ ጠጋ ብሎ «የብረቱን ክር ትቼ ናይለን ባስርስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ናይለንም በሙቀት ይላላል» አሉት። «ለጊታርህ የተሠራለትን ክር እሰር። ከተጫወትክ በኋላ ላብህን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ክረምት ላይ ዝገት እንዳይበላው። ስትመለስ ክሩን ትንሽ አላላው። ደግሞ አንድ ትርፍ ክር ቦርሳህ ውስጥ አይጥፋ፣ በተለይ ቀጭኗ።»

ልጁ ቦርሳውን ከፍቶ አሳያቸው። ትርፍ ክር አልነበረውም። ጊምቢ ገበያ ወጥተን ሁለት ሱቅ ጠይቀን አጣን፤ ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ከባትሪና ከእጅ ሰዓት ማሰሪያ አጠገብ አንድ እሽግ አገኘንና ገዛንለት።